እትዬ «አይጥፋ» ያሉት ድምፅ

በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። ጥሩምባ የለኝም፤ ያለኝ ስልክ ነው። ሰው ሲሞት ወይም ካገር ቤት መርዶ ሲመጣ የእድሩ ሰብሳቢ ይደውልልኛል። እኔ የሟቹን ስም፣ የሐዘንተኛውን ቤትና ለቅሶ የሚደረስበትን ሰዓት በድምፄ ቀድቼ የእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ እለቃለሁ። ጽሑፍ ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶች ስላሉን፣ መኪና እየነዳ የሚሰማውም ስለሚበዛ፣ ማስታወቂያው በድምፅ እንዲሆን አባላቱ ወስነው ነበር። እኔን የመረጡኝ ድምፁ ጎርናና ነው፣ ቃልም አያበዛም ብለው ነው። ሁለተኛው ልክ እንዳልነበረ ቆይቶ ታየ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ማንበብ የለመድኩት አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ስሠራ፣ ደንበኞች መኪናቸው ውስጥ በሚተዉት ጋዜጣ ነው። ጎማው እስኪነፋ አንድ ገጽ እጨርሳለሁ። እንግሊዝኛውን ደግሞ እዚህ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳሁ፣ አለቃዬ እንዳያይ በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ ተማርኩት። ለዜግነት ፈተና የሚወጡትን መቶ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቃሌ ያዝኩ። ፈታኟ ከጠየቀችኝ አንዱ፣ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ከሚያስከብራቸው መብቶች አንዱን ንገረኝ የሚል ነበር። «የመናገር ነፃነት» አልኳት፤ አፌን ሞልቼ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ራዲዮ ለማዳመጥ እንኳ መስኮት ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ያ መልስ ለእኔ ፈተና ማለፊያ ብቻ አልነበረም።

ቤቴ ውስጥ ግን ለዚህ ነፃነት አንድ ደንብ አበጅቼለት ነበር፤ ከምትጽፈው ነገር ሥር ስምህ ይኑር፣ ከተሳሳትክም በዚያው ስምህ አርም። በፈረንጆቹ 2020 ጸደይ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ከቤት ሲማሩ፣ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ በሒሳብ አስተማሪዋ አነጋገር የሚያሾፍ ነገር በሐሰት ስም ለጠፈች። ሲደረስባት ትምህርት ቤቱ አልቀጣትም። እኔ ቀጣኋት። ስልኳን ለአንድ ወር ቀማሁ። ይቅርታዋንም መጀመሪያ በለጠፈችበት ቦታ፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስም ጽፋ እንድትለጥፍ አስገደድኳት። አለቀሰች።

«ኤቭሪባዲ ያየዋል እኮ፣ ዳድ» አለችኝ።

«ስታሾፊም ኤቭሪባዲ አይቶታል» አልኳት።

በዚህ መልሴ ስኮራ ወራት ቆየሁ።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ፣ ኢስትሙር የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የእድራችን አባል ወንድማቸው አገር ቤት ሞተባቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌዎችን የሚያጥቡና የሚያበሉ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ወንድማቸው እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋቸው ሰው ነበር። በበሽታው የተነሳ በረራው ሁሉ ተቃውሶ ስለነበር ለቀብሩ መድረስ አልቻሉም። የቀራቸው እዚህ የሚቀመጡት ለቅሶ ብቻ ነው። ሰብሳቢያችን ከሁለት ሰዎች ጋር ሄዶ መርዶውን ነገራቸው፤ እኔም ማስታወቂያውን ለቀቅኩ። በዚያ ሰሞን ሰው ቤት ውስጥ አይገባም ነበር። ከቤታቸው ፊት ባለው የመኪና መግቢያ፣ ድራይቭዌያቸው ላይ፣ ወንበር ተራርቆ ይደረደራል፣ ለቅሶ ደራሹ ማስክ አድርጎ በየተራ ይመጣል፣ ከዓርብ እስከ እሑድ ነው ብዬ ተናገርኩ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ሩም በሚሉት ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው አንድ ያገሬ ሰው ከጠረጴዛዬ ማዶ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ያ ለቅሶ ትሄዳለህ?» አለኝ።

«እንዴት አልሄድም?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትዮዋ ፖዘቲቭ ናቸው ይባላል። ባለፈው ሳምንት ሥራ በር ላይ ትኩሳት ተገኝቶባቸው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። ሚስቴ እዚያው ነው የምትሠራው።»

«ሚስትህ አይታለች?»

«ሲወራ ሰምታለች።»

ደሜ ፈላ። በዚያ ወር በዚሁ በሽታ የሞቱ ሁለት ሰዎች ከእድራችን ቀብረን ነበር። ምሳዬን ትቼ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስልኬን አፌ ላይ ደቀንኩ። እትዬ ጋ መደወል አንድ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። አልደወልኩም። «ወገኖቼ፣ እንደሰማሁት ከሆነ» ብዬ ጀመርኩ። ስማቸውን ጠራሁ። ትኩሳት እንደተገኘባቸው፣ በሽታን ደብቆ ሰውን ለለቅሶ መጥራት ግፍ እንደሆነ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ይህን እንደማያደርግ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው እዚያ ቤት ድርሽ እንዳይል ተናገርኩ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሆነ። መጨረሻ ላይ «ይህን የምለው በስሜ ነው፤ ማንንም አልፈራም» ብዬ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠራሁ። ስሜን መጥራቴ ያልኩትን እውነት የሚያደርገው መስሎኝ ነበር።

ያላስተዋልኩት ነገር ይኼ ነው፤ ያ ድምፅ የእኔ ብቻ አልነበረም። ሰው ከእኔ አፍ ሲሰማ የኖረው ማን እንደሞተና በስንት ሰዓት እንደሚለቀስ ነው፤ በዚያም ተሳስቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ያንን ወሬ ግሩፑ ላይ ቢለቅ አንዳንዱ ያምነዋል፣ አንዳንዱ ይስቅበታል። ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን የብሬክ ሩም ወሬ የእድር ማስታወቂያ ሆነ። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሰምተው አመሰገኑኝ። ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው፣ ሌላ ስቴት ላሉ ዘመዶቻቸው አሳለፉት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢያችን ኮል አደረገልኝ። በዕድሜ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ የጭነት መኪና የሚነዳ ቀልደኛ ሰው ነው። ያን ቀን ግን በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ጋሼ፣ የት ነህ?»

«ቤት።»

«እኔ እትዬ ድራይቭዌይ ላይ ነኝ። ሃያ አራት ወንበር ደርድረናል። ስንቱ ላይ ሰው እንደተቀመጠ ልንገርህ?»

«ስንቱ ላይ?» አልኩት።

«ሁለቱ ላይ። አንዱ ላይ እሳቸው፣ አንዱ ላይ እኔ። ትናንትም እንዲሁ ነበር። ወረቀቱን አሳይተውኛል፣ ኔጌቲቭ ናቸው። ያን ቀን ሰዓት እንዳያልፍባቸው ከአውቶቡስ ወርደው ሮጠው ሲገቡ ነው ግንባር የሚለካው ነገር የጮኸባቸው። በማግስቱ ተመረመሩ፣ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገቡ። በቃ፣ ነገሩ ይኼው ነው። አሁን ያንን ቮይስ ዲሊት አድርገው። ኮሚቴውም ከግሩፑ ሊያስወጣህ ነው፣ አትቀየመኝ።»

ልቤ ተሰበረ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። «ይሄ አሜሪካ ነው!» አልኩት። «የሰማሁትን የመናገር መብት አለኝ። እንደ ሌላው ተደብቄ አልተናገርኩም፣ በስሜ ነው የተናገርኩት። አፌን ልትዘጉኝ ነው?»

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ስልኩ ስፒከር ላይ ነው።»

ዘጋሁት። ቀና ስል ልጄ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች። ያንን ድምፅ ሐሙስ ማታውኑ ሰምታው ኖሯል፤ አንዲት ጓደኛዋ ናት የላከችላት።

«ዲድ ዩ ኮል ኸር?» አለችኝ፤ ደውለህላቸው ነበር ወይ ማለቷ ነው።

«አልደወልኩም።»

ሌላ ቃል ሳትጨምር ተነስታ ክፍሏ ገባች። ልትናገረኝ የምትችለው ብዙ ነበር፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብትጮህብኝ እመልስላት ነበር። የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ።

ከሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ካለው ቤቴ እስከ ኢስትሙር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሳሰናዳ ሄድኩ። ስደርስ እትዬ ጥቁር ለብሰው ከረድፉ መካከል ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ፈረንጅ ጎረቤታቸው ያመጣችው ኬክ ሳይቆረስ አለ። ባዶ ወንበሮቹን ሳይ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናናዎት፣ እትዬ» አልኩ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «ወንበር እንደሆነ ሞልቷል።»

ቁጭ አልኩ። «ሰው ነው የነገረኝ» አልኳቸው። «ማን እንደሆነ ልንገርዎት፤ እሱ ነው...»

እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «ስሙን አልፈልግም። እሱ ላንድ ሰው ነው የነገረው። ሰባ ቤት ድረስ ያደረስከው አንተ ነህ።»

ሰብሳቢው ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ እናስጠፋዋለን። ጋሼም ከግሩፑ ይወጣል። ተወስኗል ማለት ይቻላል።»

«ማን ወሰነ?»

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴው ለቅሶዬ ላይ መጥቷል?»

ሰብሳቢው መሬት መሬት አየ።

«አይጥፋ» አሉ እትዬ። «ድምፁ ባለበት ይቆይ። ካጠፋችሁት፣ የሰማው ሰው የሰማውን ይዞ ይቀራል፤ እኔ መልስ የምሰጥበት ነገር አይኖረኝም። እሱንም አታስወጡት። ካስወጣችሁት ሌላ ቦታ ሄዶ አፌን ዘጉኝ ይላል። አውቀዋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አትልም?»

«እላለሁ» አልኩ።

ሰብሳቢው ሳቅ አመለጠው። የእትዬም ዓይን ከማስካቸው በላይ ትንሽ ጠበብ ሲል አየሁ።

«ያን የመናገር መብት የሚባለውን እኔንም ጠይቀውኛል እኮ፣ ለዜግነቱ» አሉ። «መልሼ ነው ያለፍኩት። ተናገር፤ ማንም አልከለከለህም። እኔ የምፈልገው እዚያው በተናገርክበት፣ በዚያው ድምፅህ፣ ሳትጠይቀኝ እንደተናገርክ እንድትናገር ነው። ሌላ ሰው ቢናገርልኝ አይሰሙትም፤ የሚያምኑት ያንተን ነው። ወንድሜ የሚለቀስለት ነገ ብቻ ነው። ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለ ነፃነት ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ጋዜጣም አንብቤያለሁ። ነገር ግን የበደለውን ሰው አፍ መዝጋት በእጁ ሳለ «አይዘጋ» ያለ ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁም። ያውም ቀላሉን አይደለም የመረጡት። ስማቸው የጠፋበት ነገር በአደባባይ ሲሰማ እንዲኖር ፈቀዱ፤ እውነቱ ከሥሩ እንዲቀመጥለት ብለው። እኔ መቶውን ጥያቄ በቃሌ ይዤ ነበር። እሳቸው ገብቷቸው ነበር።

ቤቴ ተመልሼ የልጄን በር አንኳኳሁ። «ልቀዳ ነው፤ ከመላኬ በፊት ስሚልኝ» አልኳት። ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ስለ በሽታው አስከፊነት፣ ስለ ልቤ ቅንነት፣ ስለ ቀበርናቸው ሁለት ሰዎች ሐዘን ተናገርኩ።

«ይሄ ስላንተ ነው» አለች ልጄ። «እሳቸው የሉበትም።»

አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። «በተናገርኩት ቅር ያላችሁ ካላችሁ» ስል እጇን ስልኩ ላይ አደረገች።

«ካላችሁ? እኔ ይቅርታ ስጽፍ እኮ ያንን ቃል አሰርዘኸኛል። ሁለት ጊዜ ነው ያሰረዝከኝ።»

እውነቷን ነው። የጻፈችበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ ቀድጄባታለሁ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እኔ ከበላይዋ ቆሜ ነበር። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል፣ ያስገደድኳት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ገባኝ። ደንቡን አልሻርኩትም፤ ትክክል ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ከጎኗ ቁጭ ብዬ «አብረን እንጻፈው» ብያት አላውቅም ነበር። እሷ ከጎኔ ተቀመጠች።

ሦስተኛው አርባ ሰከንድ ነው። ስሜን ጠራሁና እንዲህ አልኩ፤ «ሐሙስ ስለ እትዬ የተናገርኩት ሐሰት ነው። ሳልጠይቃቸው ነው የተናገርኩት። አልታመሙም። ሁለት ቀን ለቅሷቸው ላይ ሰው እንዳይመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነገ እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ኢስትሙር ቤታቸው ለቅሶ ይደረሳል። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። የመጀመሪያውን ወደላካችሁበት ሁሉ ይህንንም ላኩልኝ።»

ልጄ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ላክሁት።

እሑድ ከስድስት ሰዓት በፊት ድራይቭዌዩ አፍ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የደረሰው የብሬክ ሩሙ ሰውዬ ነው፣ ከነሚስቱ። አንገቱን ሰበር አድርጎ አለፈ፤ እኔም አንገቴን ሰበር አደረግሁ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት መኪና መጣ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው ሣሩ ላይ ተራርቆ ቆመ። ሁሉም ያለፈው አጠገቤ ነው። አንዳንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንዳንዱ እንዳላየ ሆነ። ነጠላቸውን ያደገደጉ አንዲት እናት ግን ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያንተን ድምፅ አምኜ ነው የቀረሁት» አሉ። «ያንተን ድምፅ አምኜ ነው የመጣሁት። ሦስተኛ ከተናገርክ ግን ራሴ ደውዬ ነው የማጣራው።»

«ያጣሩ፣ እናቴ» አልኳቸው።

እትዬ ዓርብና ቅዳሜ ያላለቀሱትን ያን ቀን አለቀሱ። ወንድማቸው በልጅነታቸው ጫማ ገዝቶላቸው፣ እንዳይቆሽሽ ብሎ ጭቃውን በትከሻው አሻግሯቸው እንደነበር እየተናገሩ ሲያለቅሱ፣ ሰው ሁሉ ከማስኩ ሥር አብሮ አለቀሰ። እኔ ከሩቅ፣ ከቆምኩበት ሰማሁ። ብቻቸውን ያሳለፏቸው ሁለት ቀናት ግን አልተመለሱም። ሳይመጡ የቀሩም ነበሩ። ሁለተኛውን ድምፅ አልሰሙት ይሆናል፣ ሰምተውም ፈርተው ይሆናል።

በሳምንቱ የጥሩምባ ነፊነቱን ሥራ ልተው ብዬ ሰብሳቢውን ጠየቅሁት። እሱ እትዬን ጠየቀ። «ማምለጫ ፈለገ እንዴ?» አሉ አሉ። ስለዚህ ቀጠልኩ። አሁን ማስታወቂያ ከመቅዳቴ በፊት ሐዘንተኛው ቤት እደውልና የምለውን ቃል በቃል አሰማቸዋለሁ፤ «ልክ ነው» ሳይሉኝ አልለቅም። የእድሩ ሰው እንደ በፊቱ ፈጣን አይደለህም ይለኛል። አይደለሁም። ሁለቱም ድምፆች እስካሁን ግሩፑ ላይ አሉ። አዲስ የገባ አባል ወደ ኋላ ከሄደ መጀመሪያ ስሰብክ ይሰማኛል፣ ከዚያ ስታረም።

በ2022 በጋ ላይ ሲያትል የሚኖር፣ በድምፅ ካወራን ዓመታት ያለፉን የአጎቴ ልጅ አንድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ይህችን ሴት ታውቃታለህ? እናንተ ጋ ናት አሉ» የሚል ጽሑፍ አብሮት አለ። ከፈትኩት። እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ገና ይዞራል። እስከ መጨረሻው ሰማሁትና አንድ ነገር አየሁ። አንድ ሰው በመንገድ ላይ መጨረሻውን ቆርጦታል። ያ የኮራሁበት፣ ስሜን ከነአባቴ የጠራሁበት ቦታ የለም። የእሳቸው ስም ግን እንዳለ አለ። ስሙን ጠርቶ የሚናገር ሰው፣ ሲፈልጉት የሚገኝ ሰው ካልሆነ ስሙ ምን ያደርጋል? ይህን ለልጄ አላስተማርኳትም፤ እኔም አላውቀውም ነበርና።

«እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሐሰት ነው» ብዬ ጽፌ ሁለተኛውን ላክሁለት። ከዚያም እትዬ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበሩ።

«ማን ሞተ?» አሉ ገና ሲያነሱ።

«ማንም አልሞተም። ያ ቮይስ ሲያትል ደርሷል፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«እኔ ሲያትልን ሳላያት ስሜ ቀድሞኝ ደረሰ በለኛ!» ሳቁ። «ሁለተኛውን ላክህላቸው?»

«ልኬያለሁ።»

«ሰሙት?»

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያ ደውልና እስኪሰሙት ጠብቅ። እኔ የማበላው ሰው አለኝ» ብለው ዘጉት።

ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። አልሰማውም ነበር። «አሁን ክፈተው፣ ስልኩን ሳትዘጋ» አልኩት። አርባውን ሰከንድ በእሱ ስልክ ውስጥ ሲያልፍ አብሬው ሰማሁ።

«ሁለቱም አንተ ነህ?» አለኝ ሲያልቅ።

«ሁለቱም እኔ ነኝ» አልኩት። «የመጀመሪያውን ከማን እንደተቀበልከው አስታውስና፣ ለእሱም ላክለት።»